ከዝርዝሩ ያሰረዝኳት ከተማ

የሰለሞን አርባ በወጣ በሳምንቱ እኔና ልጄ ቤቱን ለማስረከብ እናጸዳ ነበር። ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ወንድሜ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ቤት። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አወረድኩ። ውስጡ ያረጀ የቆዳ ጓንት፣ የሥራ ቦታ መታወቂያና በአራት የታጠፈ የካናዳ ካርታ ነበረ። ካርታውን ስዘረጋው አንድ የደብተር ወረቀት ወደቀ። ገና ከወለሉ ሳላነሣው ምን እንደሆነ አወቅሁ።

«ቫስ ኢስት ዳስ፣ ፓፓ?» አለችኝ ልጄ፤ ምንድነው ማለቷ ነው።

«የከተሞች ስም ነው።»

ከዚህ በላይ ልነግራት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። መጻፍ አልለመድኩም፤ ቀስ እያልኩ ነው።

ጊዜው በፈረንጆች የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰለሞን በዐሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ «ጋሼ» ነበር የምለው። እናታችን ስትሞት ከጉለሌ ወደ ፍራንክፈርት ያመጣኝ እሱ ነው። ሌላ የቅርብ ሰው አልነበረንም። የሚሠራው ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ነበር። መጀመሪያ ወንበር ጠራጊ ሆኖ ገባ። ኋላ ሾፌሩ ወገቡን ታሞ ሲቀር፣ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና አስነዱት፤ በዚያው ቀጠለ። ሥራውን «እርሻ» ይለው ነበር። ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ አራት ጊዜ አረስኩ» ይለኛል።

ዓርብ ዓርብ የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ሲኖር በኡባን፣ በከተማው ባቡር፣ እሄዳለሁ። አዳራሹ ጎማ፣ እርጥብ ሱፍና ሰናፍጭ ይሸታል። ጋሼ የተጠበሰ ድንች ይገዛልኛል፤ ያለ ማዮኔዝ። ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት ጾም ያስገድፋል ይላል። በዕረፍት ሰዓት መኪናውን ይዞ ሲወጣ ልጆች ሁሉ እጃቸውን ያወዛውዙለታል። እሱ ግን እኔ የቆምኩበት ጥግ ሲደርስ ብቻ ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሣል። ከኋላው በረዶው ገና እንደገባ መስታወት ያበራል። ዛሬም ስለ እሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች።

ጋሼ ካናዳ መሄድ ፈለገ። ዳኜ የሚባል የልጅነት ጓደኛው ዊኒፔግ ይኖር ነበር። «እዚህ በየሰፈሩ የበረዶ ሜዳ አለ፤ አንተ ና እንጂ ሥራ አታጣም» እያለ ይጽፍለታል። የማመልከቻው ፎርም ላይ የት ከተማ ለመኖር እንደሚያስብ የሚጠይቅ አንድ መስመር ነበረ። ፎርሙን ይዞ የሚቀርብበት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ለኅዳር ተሰጠው። የእኛ ቤት ጣጣ የጀመረው ከዚያች አንዲት መስመር ነው።

የጋሼ ሐሳብ ቀላል ነበር። የሚሄድበት ከተማ ትልቅ የሆኪ ቡድን ያለው፣ ወይም ወደፊት ማቆም የሚችል መሆን አለበት። ቡድን ካለ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ አዳራሽ ካለ የሚያርስ ሰው ያስፈልጋል። ቶሮንቶና ሞንትሪያል ቡድን አላቸው፤ ግን በጣም ትልቅ ከተማ አይወድም። ዊኒፔግ ደግሞ ክፉ ጊዜ ገጥሟት ነበር። ኩቤክ ቡድኗን ባጣች በዓመቱ እሷም አጣች፤ ቡድኑ አሜሪካ፣ በረሃ ውስጥ ወዳለ ከተማ ሄደ። «በረሃ ላይ በረዶ!» እያለ ጋሼ ስንት ቀን ተበሳጨ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተሾመ ዘንድ፣ ኒድ ወደሚባል የወንዝ ዳር ሰፈር እንሄድ ነበር። ጋሽ ተሾመ በተማሪነት መጥተው የቀሩ መሐንዲስና የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። መከር ነበር፤ ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን እየጣሉ ነበር። የጓሯቸውን ፖም እየከተፍን ሳለ ጋሼ ካርታውን ዘረጋ። ደብተሩ ላይ ከተሞቹን ወደ ታች ጻፈ፤ በአናቱ ደግሞ «ሕዝብ»፣ «ብርድ»፣ «አዳራሽ»፣ «ጎረቤት» ብሎ አሰመረ።

«ጎረቤት ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ሃሚልተንን እያት። ቶሮንቶ አፍንጫዋ ሥር ናት። ትልቋ እያለች ትንሿን ማን ያያል?»

«እንዳንተና እንደኔ በለኛ።»

«አንተማ እየጮህክ ትታያለህ» አለኝና የፖም ልጣጭ ወረወረብኝ።

ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰንጠረዡን ተመለከቱ። «አንድ ነገር ጎድሎታል። እድር ብለህ ጨምርበት» አሉ።

«ለሆኪ ነው እድር የሚሉኝ?»

«ለሆኪ ነዋ! እድር በሰው ብዛት የሚቆም መስሎሃል? እዚህ ከተማ ስንት ሐበሻ አለ። እድሩን ይዘው ያሉት ዝናብም ቢሆን፣ ሥራም ቢሆን የማይቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ቡድን ሲያሸንፍማ ሁሉም ይመጣል። ሲሸነፍ፣ በጥር ብርድ፣ የሚመጣው ስንት ነው? እሱን ቁጠርልኝ።»

ጋሼ እየሳቀ ጻፈ። ከዊኒፔግ ትይዩ ግን ሳይስቅ ትልቅ ምልክት አደረገ። ዳኜ በደብዳቤው፣ ቡድኑ እንዳይሄድ ሕፃናት ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተው እንደነበር ጽፎለት ነበር።

«ተዋጥቶም ሄደ እኮ» አልኩ።

«ቡድኑ ይሂድ፤ ሰዎቹ አሉ አይደል?» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ይመለስላቸዋል በለኝ።»

እኔ ትምህርቴን እስክጨርስ እሳቸው ቤት እንድቆይ፣ ከዚያ ጋሼ እንዲወስደኝ ታስቦ ነበር። ሁለት ዓመት። ማንም እንደ ትልቅ ነገር አላየውም። እኔ ግን እናቴን ከቀበርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ትተኸኝ አትሂድ ማለት ከበደኝ። ያመጣኝ እሱ፣ የሚያበላኝ እሱ፤ ምን ብዬ ልበል? ስለዚህ ከተሞቹን መቃወም ጀመርኩ። ሃሊፋክስ ትንሽ ናት አልኩ። ቪክቶሪያ በረዶ እምብዛም አይጥልባትም አልኩ። ሳስካቱን ከሁሉም ሩቅ ነው፤ ኩቤክ ሰዉ ፈረንሳይኛ ነው የሚናገረው። ተጫዋቾች የሚከፈላቸው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ፣ የካናዳው ደካማ ዶላር ትንንሾቹን ከተሞች እንደሚጎዳ አንብቤ ስነግረው ጋሼ ራሴን ዳበሰኝ። «ሚኪ ፕሮፌሰር ሊሆንልኝ ነው» አለ። ያ ይበልጥ አመመኝ። ከተሞቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ። ዊኒፔግ ብቻ ቀረች።

በጥቅምት መጨረሻ ከአዳራሹ አንድ የሆኪ መጽሔት ይዞ መጣ። ጀርመንኛ ይናገራል፤ የተጻፈ ሲሆን ግን ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ ሁሉንም ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ቃሌን ሲጠራጠር አይቼው አላውቅም። ወጥ ቤት ተቀምጠን ምስር እየበላን ነበር።

«ስለ ዊኒፔግ ነው መሰለኝ። እስቲ ምን ይላል?»

አነበብኩት። ሕዝቡ ቡድኑን እንደሚወድ፣ አዲስ አዳራሽ ከተሠራ ከተማዋ አንድ ቀን ቡድኗን መልሳ ልታቆም እንደምትችል ነበር የሚለው። እኔ ከወረቀቱ ቀና ሳልል፣ «ከእንግዲህ ቡድን ማቆም አትችልም ይላል» አልኩ።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«የሰፈር ሜዳዎቹስ?»

«እነሱም እየተዘጉ ነው ይላል።» ይህቺን ከራሴ ጨመርኩ።

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ እርሳስ አንሥቶ ዊኒፔግን ሰረዛት። ቴርሚኑ ደረሰ፤ አልሄደም። «ሌላ ጊዜ» አለ። ሌላ ጊዜ አልመጣም። ዳኜ እዚያ ቤት ሠራ፣ ልጆች አሳደገ። ጋሼ እስኪታመም ድረስ እዚሁ አረሰ። ብቻውን ኖረ፤ እኔን አስተማረ፣ እኔን ዳረ።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ኒደርራድ ሰፈር ባለው ቢሮዬ ውስጥ ሳለሁ ደወለልኝ።

«ሚኪ፣ ሰማህ? ለዊኒፔግ ቡድን ተመለሰላት!»

«እውነትህን ነው?» አልኩ።

«ያ መጽሔት ተሳስቶ ነበር ማለት ነዋ!» አለና ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ። «የጋዜጠኛ ነገር ምን ይታመናል?»

ቴርሚን አለኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ልነግረው የምችልበት ቀን ያ ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ነበረ። ሆስፒታል እጁን ይዤ በተቀመጥኩ ጊዜ እንኳ ዛሬ ያርፍ፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ካርቶኑን እስከ ሥሩ ስፈትሽ ያንኑ የመጽሔት ገጽ አገኘሁት። ከእያንዳንዱ የጀርመንኛ ቃል በላይ በእርሳስ አማርኛ ተጽፏል። የጋሼ እጅ ነው፤ ጥቃቅን፣ ወደ ግራ የዘመመ። «ሕዝብ»፣ «አዲስ»፣ «አዳራሽ»። በኅዳጉ ላይ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሙሉውን ተተርጉሟል፦ «ከተማዋ አንድ ቀን ቡድኗን መልሳ ልታቆም ትችላለች።»

ስለ ገጹ ልጠይቃቸው ለጋሽ ተሾመ ደወልኩ። ዛሬ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ማስታወሱን ግን ያስታውሳሉ።

«መዝገበ ቃላቴን የተዋሰኝ ለእሱ አይደል እንዴ? ቴርሚኑ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሁለት ቀን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ፈታው።»

«ተናደደብኝ?»

«መዝገበ ቃላቱን ዘጋ። ከዚያ፣ ‹ይህ ልጅ አትሂድ ማለት አፍሮ አንድ አገር ሙሉ ከተማ ዘጋብኝ› ብሎ ሳቀ። ፎርሙን ራሱ ቀደደው። ‹እንዳይነግሩት፣ ያፍራል› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራን አላውቅም።

ሠላሳ ዓመት ያህል በሩን የዘጋሁበት እኔ እንደሆንኩ አስብ ነበር። እሱ ግን በሩ ክፍት መሆኑን እያየ ነው የተቀመጠው። ይህን ማወቄ ሸክሜን አላቀለለውም። ሌላ ሸክም ሆነብኝ፤ ግን ልጥለው የማልፈልገው ሸክም ነው። ስልኩ ላይ ያን ያህል የሳቀውም ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እንድነግረው በር ከፍቶልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባሁት።

ልጄ የከተሞቹን ዝርዝር ከእጄ ወስዳ አየችው። የአማርኛ ፊደል ትቆጥራለች። «እ...ድር» ብላ አነበበችና ምን እንደሆነ በጀርመንኛ ጠየቀችኝ።

«ስትሸነፊም ከጎንሽ የማይቀር ሰው» አልኳት።

እርሳስ አምጪልኝ አልኳትና ከከተሞቹ ሁሉ በታች «ፍራንክፈርት» ብዬ ጻፍኩ። ሕዝብ፣ ብርድ፣ አዳራሽ፣ ጎረቤት የሚሉትን ባዶ ተውኳቸው። እድር በሚለው ሥር ግን ምልክት አደረግሁ። አንድ ሰው ነበራት።