የነሐሴ ጠርሙስ

ሻይ ቅጠሉ ከወጣ በኋላም ውሃው ቀይ ሆኖ ይቀራል። የማስተርስ ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። የሀዋሳ ሐይቅም እንዲሁ ነው። የበሰበሰ ቅጠልና ሣር ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ማጣሪያም አይይዘውም። በበጋ ፀሐይ ቀለሙን ታሳሳዋለች። ክረምት ሲገባ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ረግረጉን አጥቦ እንደገና ያመጣዋል። የእኔ ሥራ በየወሩ ከወንዙ አፍ እየቀዳሁ ይህን መውጣትና መውረድ ዓመት ሙሉ መከተል ነበር።

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ የሦስት ልጆች እናት። ትምህርት ቤቴ የሰጠኝ ፈቃድ የሚታደስ አልነበረም። ውሃው ከሁሉም በላይ የሚጠቁረው በነሐሴ ስለሆነ፣ ነሐሴ ከጎደለ ጥናቱም የለም። ሌላ ክረምት ልጠብቅ ብል የሚያስጠብቀኝ አልነበረም።

ጠርሙስ በከደንኩ ቁጥር አማትባለሁ። ልማዴ ነው። አማካሪዬ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሙስሊም ነው፤ አንድ ቀን ሲያየኝ፣ እሱም በበኩሉ ቢስሚላህ እንዳለና የውሃውን ቀለም የምንለካበት ማሽን ከእንግዲህ ሰበብ እንደሌለው ነገረኝ።

ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ እቀዳለሁ። በነሐሴ ግን ማዕበል ጀልባውን ሲያንገላታው አንደኛው ተሰበረ። የቀረውን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ደግሞ የላቦራቶሪው ፍሪጅ ተበላሽቷል። ጊዜው የእረፍት ነው፤ የማሽኑ ባለሙያም እስከ መስከረም አይመለስም። ውሃውን አጣርቼ፣ ብርሃን እንዳይነካው ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልዬ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ፣ ላዩ ላይ «ነሐሴ» ብዬ ጽፌ ቤት ወሰድኩት። ፍሪጃችን ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ልጆቹን እንዳይነኩት አስጠነቀቅኳቸው። የፍሪጁን በር ስዘጋም አማተብኩ።

የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እማማ እላቸዋለሁ። ያን ሁሉ ሳደርግ እያዩኝ ነበር።

መስከረም ገብቶ ላቦራቶሪው ሲከፈት ጠርሙሱን ልወስድ ፍሪጁን ብከፍት የለም። ልጆቹ አልነካንም አሉ። እማማ ዳዊታቸውን ዘግተው በእርጋታ ነገሩኝ። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ሆዷን ታማ ከርማለች፤ ጠበሉ ቤት ውስጥ እያለ እሷ እንዴት ትቅር ብለው ወስደው ሰጥተዋታል።

«የቱን ጠበል?» አልኩ።

«የፍልሰታውን ነዋ። ነሐሴ ብለሽ ጽፈሽበት የለ?»

«እማማ፣ እሱ የሐይቅ ውሃ ነው።»

ዳዊታቸውን አስቀመጡ።

«ለሐይቅ ውሃ ነው እንዲያ የምታማትቢው?»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ እሳቸውም ከኋላዬ። ከበራችን እስከ በሯ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። መጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ ጤና ጸለይኩ፤ ከዚያ ስለ ጠርሙሱ። በዚህ ቅደም ተከተል መሆኑን እግዚአብሔር ያውቃል።

ጎረቤታችን በሩን ስትከፍት ሰላምታም አልሰጠናት። እማማ በቀጥታ ጠበሉን ጠጥታው እንደሆነ ጠየቋት። እሷ አንገቷን ደፋች።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አልጠጣሁትም።»

ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን በጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ጠበል ደግሞ እህል ሳይቀምሱ ነው የሚጠጣው። ሁለቱን ማቀላቀል ድፍረት ስለመሰላት፣ ኪኒኑ እስኪያልቅ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ከሌላው ነገር ለይታ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ፎይሉንም አልፈታችውም። ንቃው እንዳልሆነ ደጋግማ ማለች።

እማማ ደረታቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ አቅፌ ሳምኳት። የሐይቅ ውሃ መሆኑን ነግሬያት ነገሩ ሲገባት እማማን ዞራ አየቻቸው።

«ታዲያ ዓሣ የዋኘበትን ሊያጠጡኝ ነበር?»

«ተጣርቷል» አሉ እማማ።

ሳቃችንን ጨርሰን ጠርሙሱን ስቀበላት ቀዝቃዛ ነበር። ክዳኑ ላይ የዞርኩት ፕላስተር እንዳለ ነው። ተመስገን አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ባጃጅ ይዤ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ለአማካሪዬ ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳቀ፤ በሳቅ ግን አላለፈውም። ሌላ ውሃ ቀድተን ለካነው። ያንኑ ውሃ በጎረቤታችን ፍሪጅ ውስጥ የፊተኛውን ያህል ጊዜ አቆይተን እንደገና እንድንለካው አዘዘ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ስወስድላት ጎረቤታችን ይሄኛው ደግሞ የየትኛው በዓል ነው ብላ ተቀበለችኝ። ስንለካው አልተለወጠም። የነሐሴው ውሃ ሊታመን ይችላል ማለት ነው።

ለካነው። ማሽኑ የነሐሴውን ቁጥር ሲያወጣ አማካሪዬ ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ራሴ እንዳነበው። ከበጋው ወራት ሁሉ በላይ ነበር፤ ከሐምሌም በላይ። ወንዙ ረግረጉን ተሸክሞ መምጣቱ ግራፉ ላይ በዚያች አንዲት ነጥብ ታየ። ከላቦራቶሪው ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። የምስጋና ነበር።

ጥናቴን ያቀረብኩ ቀን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀመጡ፤ ጎረቤታችንም አጠገባቸው። ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል አልገባቸውም። ከፈታኞቹ አንዱ ግን ናሙናው ከላቦራቶሪ ውጪ መቆየቱን ጽሑፌ ላይ አንብቦ ኖሮ፣ ሰው ቤት ውስጥ ምን ያህል ተጠብቆ ነበር ሲል በአማርኛ ጠየቀኝ። ፍሪጁን እንዴት እንደፈተንን አስረዳሁ። ቀጥዬም «ከናሙናዎቼ ሁሉ እንደ እሱ የተከበረ አልነበረም» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዬ በእጁ አፉን ሸፈነ።

አለፍኩ። በጥሩ ውጤት።

ሰዉ ሲወጣ እማማ ወደ ፊት መጥተው፣ ግድግዳው ላይ ገና ያልጠፋውን ግራፍ ቀና ብለው አዩ። ነጥቦቹን በጣታቸው ከሩቅ እየተከተሉ ሄደው አንዷ ላይ ቆሙ።

«የኔዋ ይቺ ናት?»

«አዎ እማማ። ከሁሉም በላይ ያለችው።»

አማተቡ። ለሐይቅ ውሃ ነው ወይ ብዬ እኔ አልጠየቅኳቸውም።