የፈረንሳዩ ሄሊኮፕተር አራት ብሎኖች

ኮሎምበስ ከተማ በሚገኝ የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ሥራ የጀመርኩት ኮሮና በገባበት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሱፐርቫይዘሩ ሪክ ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ ሄሊኮፕተር አሳየኝና፣ "ይህን የፈረንሳይ ቆርቆሮ ታውቀዋለህ አሉ" አለኝ። አውቀዋለሁ። ደብረ ዘይት ሙያ የተማርኩት በዚሁ ዓይነት ላይ ነው። ማኑዋሉን ለማንበብ ስል ፈረንሳይኛን ከመዝገበ ቃላት ብቻዬን አጥንቻለሁ።

የፋብሪካውን ታሪክ የተረዳሁት ከማኑዋሎቹ ሽፋን ነው፤ በየእትሙ ስሙ ይለያያል። የፈረንሳይ መንግሥት የግል አውሮፕላን ፋብሪካዎችን ወረሰ፣ አንዱን ከሌላው ቀላቀለ፣ ስማቸውን ደጋግሞ ለወጠ። በዚህ ሄሊኮፕተር ላይ የተለጠፈው ስም ዛሬ የለም። የብሎኖቹ ልክ ግን ያው ሚሊሜትር ነው።

ሪክ "የፈረንሳይ ፕሮፌሰር" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት የጭራውን ማርሽ ሳጥን ስፈትሽ፣ በአንዱ ብሎን ዙሪያ ጥቁር ዱቄት አየሁ። አልሙኒየም ሲፋተግ የሚወጣ ነው። ፈትቼ በካሊፐር ለካሁት። በኢንች የተሠራ ብሎን ነው፤ እዚያ መግባት ካለበት የስምንት ሚሊሜትር ብሎን በስድስት መቶኛ ሚሊሜትር ስለሚቀጥን ቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል። ዳዶውም የኢንች ስለነበር ገጥሟል። የቀሩት ሦስቱም እንደዚያው ናቸው።

"ማነው ይህን ያስገባው? ይህ እኮ ሰው መግደል ነው!" ብዬ ሪክ ላይ ጮህኩ።

እሱ ቀስ ብሎ የጥገና መዝገቡን ገለጠ። "ፊርማው የማነው፣ ፕሮፌሰር?"

የእኔ ነበር።

ደብረ ዘይት የፈረንሳዮቹ ሄሊኮፕተሮች መጋዘን የኢንች ብሎን አይገባም ነበር። ስምንት ሚሊሜትሩን በጣቴ ነበር የምለየው። እዚህም አራቱን በጣቴ ለይቼ አስገባኋቸው። አልለካሁም።

ብሎኖቹን ያዘዘው ግን ሪክ ነው፤ የኢንች መሆናቸውንም ያውቅ ነበር። "ከፈረንሳይ እስኪመጣ ስንት ሳምንት ልጠብቅ? እስከ ዛሬ ይዞ የለም እንዴ? አጥብቀውና ነገ ይብረር። ካወራህ የሚወሰደው ያንተ ላይሰንስ ነው" አለኝ።

ማታ ሊንደን ሰፈር ባለው ቤታችን ለልጄ ለሰላም ነገርኳት።

"ዳዲ፣ ጆብህን ልታጣ ነው እኮ! ኖባዲ ኖውስ!"

"እኔ አውቃለሁ። አብራሪውም እንደ እኔ ቤት የሚጠብቀው ልጅ ይኖረዋል።"

ቆፍጠን ብዬ ነው የመለስኩላት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ሄሊኮፕተሩ ላይ "አይበርም" የሚል ቀይ ካርድ አንጠለጠልኩ። ለመንግሥት የአቪዬሽን ተቆጣጣሪዎችም ጻፍኩ፤ ከራሴ ስም ጀምሬ። ላይሰንሴ ለወራት ታገደ። ዌርሃውስ ገብቼ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ነዳሁ። ሪክ "እኔ አዘዝኩ እንጂ አልፈረምኩም" ብሎ ወንበሩ ላይ ቀረ። አውቆ ያዘዘ ሰው ነጻ የሚወጣበት አሠራር ነውር ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ላይሰንሴ ተመልሶልኛል። አሁን ላዩ ላይ ስምንት ሚሊሜትር ተብሎ የተጻፈበትን ብሎን እንኳ እለካለሁ። እናንተም ለኩ፤ ከዚያ ፈርሙ።