ያልደረሰ ልደት

በጥር ቅዝቃዜ የጀርመኗን ከተማ ክቬድሊንቡርግን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ማማ የምታስጎበኘው ኦቲሊየ ያን ቀን ሁለት መቶውን ደረጃ የወጣችው ለአንድ የባዕድ አገር ሰው ብላ ነበር። አናቱ ላይ እያለከለከች፣ «ነገ ሰባ ዓመት ይሞላኛል» አለችው።

«እንኳን አደረሰዎት!» አላት።

ክው ብላ ቀረች። በአገሯ ከልደት ቀን ቀድሞ እንዲህ ማለት ሞትን መጥራት ነው።

«ገና መች ደረስኩና! አያሟርቱብኝ! ምን በደልኩዎት?»

በረዶ የያዘውን ደረጃ በቂጧ እየተንፏቀቀች ወረደች። ሰውየው ክንዷን ደግፎ፣ «እማማ፣ እውነት በዚህ ያምናሉ?» ሲል ጠየቃት።

«ባሌ ሎታር የሞተው በልደቱ ዋዜማ ነው» አለች። «ጠዋት እንኳን አደረሰህ ብዬው፣ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።»