ሞራ የተቀባ ኩሽኔታ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ሰሊጥ ታጭዶ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ቀን ሽታ ግን አልረሳሁም።

ወንድሜ መተማ ቆላ፣ ኮኪት እርሻ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። ታላቄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄን ይዞ ወስዶ ያስመዘገበኝም እሱ ነበር። ሲያጣጥር አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ «እዚህ በረሃ እንዳትቀብሩኝ። ጭልጋ፣ ከአባባ አጠገብ።» እሺ አልኩት።

ቆላ ሬሳ አያቆይም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረስን፣ መንገድ ላይ ካገኘነው ቤተ ክርስቲያን መቅበር ነው። ይስማው የሚባል፣ ሰሊጥ የሚያመላልስ የጎጃም ሰው በጭነት መኪናው ሊያደርሰን ተስማማ። ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ወንድሜን በሰሌን ጠቅልለን ከጆንያዎቹ ላይ አስተኛነው። እኔና አጎቴ ከጎኑ ተቀመጥን።

ሸሕዲን አልፈን ዳገቱን ሳንጀምር ከፊት ጎማ በኩል ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ጢስ። ከጢሱ ጋር የጥብስ ሽታ። ጥብስ ስል በትክክል ጥብስ ማለቴ ነው፤ ጮማ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚሸተው።

ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ወንድሜ ከጎኔ ተኝቷል። አፌ በምራቅ ሞላ። አላፈርኩም፤ አላዘንኩም። ዋጥኩት።

ይስማው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ደርቆ ይፋጃል። ያኔ የመኪና ቅባቱ፣ ግራሶ፣ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ይስማውም እንደ አገሩ የበሬ ሞራ አቅልጦ ቀብቶታል። ደጋ ላይ ሞራ ይረጋል፤ በዚያ ሙቀት ግን እንደ ውኃ ፈስሶ አልቋል። ሲጠበስ የሸተተን የቀረው ነው።

«አገሬ ላይ በዚሁ ስንቱን ዳገት ወጥቼበታለሁ» አለ ይስማው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ።

አጎቴ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «ልጄ፣ ወደ ሸሕዲ ተመልሰን እንቅበረው።»

«ጭልጋ ነው ያለው» አልኩ።

እንደዚህ ሆነን ሳለ ከላይ፣ ከጎንደር በኩል አንድ ሎሪ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አደም የሚባል የመተማ ሰው ነው፤ ከይስማው ጋር ይተዋወቃሉ።

«አያ ይስማው!» አለ ገና ሳይወርድ። «በጾም ጥብስ? ለቄሱ ነው የምነግርልህ!»

«ተው አደም። ሬሳ ይዘናል።»

አደም ሰሌኑን አየ። ወርዶ ኩሽኔታውን በናፍጣ አጠበው፤ በጣቱ አሽከርክሮ ወደ ጆሮው አስጠጋው። «ገና አልሞተችም» አለና ወዲያው አፉን በክንዱ ሸፈነ።

ከዚያ ወደ ራሱ ሎሪ ሄደ። ከፊት ጎማዎቹ መሐል ያሉትን ክዳኖች ከፍቶ የራሱን ግራሶ በጣቱ እየዛቀ ማውጣት ጀመረ።

ይስማው ብድግ አለ። «አንተስ በምን ልትገባ?»

«እኔ ባዶዬን ነኝ፤ ቀስ እላለሁ። ቀስ ማለት የማትችሉት እናንተ ናችሁ።»

ግራሶውን መዳፉ ላይ አድርጎ የኩሽኔታውን ጠርዝ እየጫነ ሞላው፤ በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ። ጎማው ተመልሶ ይስማው ማሰሪያውን ዳዶ ሲያጠብቅ አደም ጮኸበት፦ «ኸላስ! በቃ! ትንሽ መልሰህ አላላው፤ ታንቀዋለህ!»

ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ። እጁ ጥቁር ስለሆነ ሊጨብጠኝ አልቻለም፤ ክንዱን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። ክንዱም ንጹሕ አልነበረም። «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ» አለኝ።

ጭልጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ወንድሜ ከአባቱ አጠገብ ተቀበረ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ መዳፌን በነጠላዬ ጫፍ እያሸሁ ነበር፤ ግራሶው አልለቅ ብሎኝ።

አደም በዚያ ሎሪ መተማ እንዴት እንደ ገባ አልሰማሁም። እኔም እስከ ዛሬ ለወንድሜ አላለቀስኩም። ሰዎች አሟሟቱን ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ስለ ኩሽኔታው ነው። የቀረው አይወጣልኝም።