በአሸዋ ላይ መዝለል የተማሩ መርከበኞች

ዒጋል ሊፈታው የተነሣው ችግር ሲነገር ቀላል ነው፤ ከከፍታ ወደ ውሃ የሚዘል ሰው ሁለት እጁን ሽቅብ እንዳይወረውር ማድረግ። በ1951 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ግን ይህ ያልገባቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ወደ መርከብ ሊላኩ አሥር ቀን ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከሁሉም ይልቅ ያልገባቸው ደግሞ አሠልጣኛቸው ነበሩ።

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ያላት ባቡር ነው፤ ባቡሩ ጅቡቲ ያደርሳል፤ ጅቡቲ ደግሞ መርከብ አለ። ስለዚህ አንድ የመርከብ ወኪል ቤት ሠራተኛ የሚመለምለው ከዚሁ ነበር። መርከቦቹ በአደጋ ጊዜ ራሱን ማዳን ያልተማረ ሰው አንቀበልም ማለት ሲጀምሩ፣ ወኪሉ ከለገሃር ጀርባ አንድ ባዶ መጋዘን ተከራየና «የባሕር ላይ ደኅንነት ማሠልጠኛ ጣቢያ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለበት። ሥራ አስኪያጅም አሠልጣኝም አድርጎ የሾመው አቶ ወልደጻድቅን ነው። አቶ ወልደጻድቅ ከዚያ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ይህንንም አይደብቁም። እንዲያውም ሐኪም ለመሆን የግድ መታመም አያስፈልግም እያሉ ይኮሩበት ነበር።

ትምህርቱ አራት ሳምንት ይፈጃል። የነፍስ አድን ጀልባ ስለሌለ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይገለበጥና ሠልጣኞቹ በአራቱ እግሮቹ መካከል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። መቅዘፊያቸው የመጥረጊያ እንጨት ነው። አቶ ወልደጻድቅ ኮታቸውን ሳያወልቁ በቆርቆሮ ውሃ እየረጩ «ማዕበል!» ይላሉ፤ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ። ማዕበሉ የሚያበቃው ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን ነው።

ዋናው ነገር ግን ዝላዩ ነበር። በግቢው ውስጥ ከአሮጌ የሐዲድ እንጨት የተሠራ፣ የሁለት ሰው ቁመት የሚሆን ማማ ቆሟል። ከሥሩ ከደቻቱ ወንዝ በጋሪ የመጣ አሸዋ ተከምሯል። ሠልጣኙ ሰው እንዳይሰጥም የሚለበሰውን የቡሽ ሰደርያ ለብሶ ከማማው ላይ ወደ አሸዋው ይዘላል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝላዩ ጨዋታ ይሆናል። ሠራተኛው ሁሉ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ጸሐፊዋ ቦጋለች ፊሽካ ይዛ ትዳኛለች። ጉልበቱም እጁም አሸዋ ሳይነካ ቀጥ ብሎ የቆመ ያሸንፋል፤ የተደፋ ይሳቅበታል። ሽልማቱ አንድ ከረጢት ከረሜላና የአቶ ወልደጻድቅ ጭብጨባ ነው።

አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ደግሞ ዘዴው አንድ ብቻ ነው፤ እግርን መክፈት፣ እጅን እንደ ክንፍ ወደ ላይ መዘርጋት። ሠልጣኞቹ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ከሳቁና ከከረሜላው ተማሩት። ከሁሉ የበለጠው አየነው የሚባለው ወጣት ነበር። ሦስት ዓርብ በተከታታይ አሸንፏል። ሲዘል እጆቹ እንደ ንስር ይከፈታሉ፤ ሲያርፍ አሸዋው እንኳ አይበተንም።

ዒጋል የዚያ ጣቢያ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። የሚጠብቃቸው ሃያ የቡሽ ሰደርያዎች፣ አንድ ፋኖስና አንድ የተቀደደ መረብ ናቸው። ከዚያ በፊት ከጅቡቲ በሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ላይ አሥራ አንድ ዓመት ምድጃ ውስጥ ከሰል ሲጨምር ኖሯል። ሚስቱ ሳዶ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ድሬዳዋ ያስቀረችውም እሷ ናት። በዚያ ግቢ ባሕር ውስጥ ወድቆ የወጣ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ ማንም ግን ጠይቆት አያውቅም።

በሦስተኛው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ የአየነውን ሦስተኛ ድል አየ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ሁሉ ሲንቀው ነበር የኖረው፤ ጠረጴዛውን ይንቃል፣ ቆርቆሮውን ይንቃል፣ አዋቂ ሰው ለከረሜላ ሲፎካከር ማየት ያስቀይመዋል። ያን ቀን ግን የአየነው እጆች ከራሱ በላይ ሲወጡ አይቶ ንቀቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

ምክንያቱን በደንብ ማየት ይገባል፤ የሚገርም ነገር አለውና። የቡሽ ሰደርያ ማለት ደረትና ጀርባ ላይ የሚውል፣ ወገብ ላይ በገመድ የሚታሰር ጠንካራ ቡሽ ነው። ቡሽ መስጠም አይችልም፤ ጠቀሜታው ይኸው ነው። አሁን አንድ ሰው ከመርከብ ጠርዝ ይዘላል እንበል። እግሩ ውሃ ይነካል፣ ሰውነቱ ቁልቁል ይቀጥላል። ቡሹ ግን ውሃው ጋ ሲደርስ አልወርድም ብሎ ይቆማል። ሰውየው ይወርዳል፣ ቡሹ ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለው አገጩ ነው። ሰውየው በእጁ ሰደርያውን ቁልቁል ጨምድዶ ካልያዘው ቡሹ ከሥር መጥቶ አገጩን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ከፍታው ትንሽ ከሆነ ጥርስ ይረግፋል። ብዙ ከሆነ አንገት ይሰበራል። ዒጋል አንድ የየመን ሰው እንዲህ ሲሞት ከጎኑ ሆኖ አይቷል፤ ሰውየው ሳይሰጥም፣ በሰደርያው ተንሳፍፎ ነበር የሞተው።

አሸዋ ላይ ግን ቡሹ ከሰውየው ጋር አብሮ ይወርዳልና አገጭን አይነካም። የአቶ ወልደጻድቅ ትምህርት ሰውን የሚያሠለጥነው በትክክል ለመሞት ነበር፤ በጣም የተዋጣለት ተማሪም ቀድሞ ይሞታል።

የተዋጣለት ተማሪ አየነው ደግሞ የዒጋል ጎረቤት የዘርፈሽ ልጅ ነው። የዒጋልና የዘርፈሽ ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ዒጋልን በሶማልኛ «አዴር» ይሉታል፤ አጎቴ ማለት ነው። አየነው ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ዕለት ዘርፈሽ በግድግዳው በኩል ጠርታው፣ እኔ ባሕር አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄን ለአንተ ሰጥቻለሁ፣ አደራ ብላዋለች። እሱም እሺ ብሏል።

ማክሰኞ ጠዋት ዒጋል ሰደርያ ይዞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳ። አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት ሰሙት፤ ትዕግሥታቸው ለቤት አገልጋይ የሚሰጥ ዓይነት ነበር።

«ስንት ሰው እዚህ ማማ ላይ ሲዘል አይተሃል?» አሉት።

«ብዙ።»

«አንድ ሰው ተጎድቷል?»

«አሸዋ ላይ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዕቃ ቤትህን ጠብቅ። ከሰል ስትጨምር የኖርክ ሰው የዝላይ ትምህርት አታወጣልኝም።»

ዒጋል እንዲህ ያለ ሰው በክርክር እንደማይሸነፍ ያውቅ ነበር። በግብዣ ግን ይሸነፋል። በመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ የብርቱካን አትክልት ያላት ቱሪያ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ለመስኖ ውሃ የምታጠራቅምበት፣ ጠርዙ ከመሬት ከፍ ያለ ጥልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አላት። ዒጋል ሄዶ ለመናት።

«አቦ፣ ብርቱካኔ የመርከበኛ ላብ ጠጥቶ አያውቅም» አለችው። ቀጥላም ሻጋታውን ፈግፍጋችሁ ካጠባችሁልኝ ውሃ እስክሞላው አንድ ቀን ታገሡኝ፣ ከዚያ እንደ ዓሣ ዋኙበት አለች። ሠልጣኞቹ ረቡዕ ገንዳውን አጠቡ፤ ሐሙስ ተሞላ። ዒጋል ለአቶ ወልደጻድቅ ያቀረበው ግን የመጨረሻው የዓርብ ጨዋታ በአትክልት ቦታ ጥላ ሥር ቢሆን ለጣቢያው ክብር ነው ብሎ ነበር። ቦጋለች ደገፈችው፤ ብርቱካን በነጻ መሆኑን ሰምታለች።

ዓርብ ሁሉም በጋሪ ሄዱ። ዒጋል ሠልጣኞቹን በገንዳው ጠርዝ ላይ አሰልፎ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳይ ሰደርያ ሲለብስ አቶ ወልደጻድቅ ከእጁ ነጠቁት። የጣቢያው ኃላፊ ባለበት ዕቃ ቤት ጠባቂ አያሳይም። ኮታቸውን ለቦጋለች ሰጡ፣ ጠርዙ ላይ ወጡ፣ እግራቸውን ከፈቱ። ከገንዳው ጠርዝ እስከ ውሃው ያለው ከመርከብ ጋር ሲተያይ የሕፃን ዝላይ ነው።

እጆቻቸውን እንደ ንስር ከፍተው ዘለሉ።

ድምፁ ሣጥን ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ከውሃው ሲወጡ አገጫቸው ተሰንጥቆ፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ደማቸው በነጭ ሸሚዛቸው ላይ ይወርድ ነበር። መናገር አልቻሉም፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን በደንብ አስተምረውም አያውቁም። ቦጋለች ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ በጋሪ ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው። ስትወጣ፣ «ቀጥ ብለው ስላላረፉ ነጥብ አይያዝላቸውም» አለች፤ ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም።

ዒጋል አሥራ ሁለቱን እስከ ማታ አዘለላቸው። ያ አገጭ ከዓይናቸው ያልጠፋባቸው አሥራ አንዱ ሰደርያውን እንደ ልጅ አቅፈው ዘለሉ። አየነው ግን አልቻለም። ገብቶታል፤ የዒጋልን መመሪያ ቃል በቃል ይደግማል። እግሩ ከጠርዙ ሲለቅ እጆቹ በራሳቸው ይከፈታሉ። ዒጋል ውሃው ውስጥ ከሥር ሆኖ ሰደርያውን ቁልቁል ባይይዝለት ኖሮ የእሱም አገጭ ተሰንጥቆ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የጣቢያው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አቶ ወልደጻድቅ መናገር ባይችሉም መጻፍ ይችላሉ። ውሃ አደገኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ ከእንግዲህ ማንም ሠልጣኝ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ፣ አንድም ሰደርያ ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ የሚል ነበር። ከሥሩ የአንደኛነት የምስክር ወረቀት የሚያገኘው ሠልጣኝ ስም ሰፍሯል፤ አየነው። ባቡሩ የሚነሣው ሰኞ ነው።

ዒጋል ልጁን እንዳይሄድ ለመነው። አየነው ሳቀ። «መርከብ ሁልጊዜ ይሰጥማል እንዴ፣ አዴር?» አለው። ዒጋል ለልጁ እናት ሊነግራት ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ግን ዘርፈሽ ለልጇ ሹራብ እየሠራች ስታንጎራጉር ሰምቶ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሳዶን ሊቀበል ቀፊራ ወረደ። ሳዶ አንድ ጥቅል ጨርቅ አቅፋ ከጋሪ ስትወርድ እግሯ ተንሸራተተና መሬት ላይ በመቀመጫዋ ዘጭ አለች። ዒጋል ሊያነሣት ሲሮጥ እጇን አየ። ጨርቁ ጭቃ እንዳይነካው ብላ አልለቀቀችውም። ስትወድቅ እጇ አልተከፈተም፤ ሥራ ይዟልና። እዚያው ቆሞ ይህን ሲያሰላስል ሳዶ፣ «ዋሪያ፣ አንተ ሰው፣ ታነሣኛለህ ወይስ ታየኛለህ?» አለችው።

ሁለት ቀን ሙሉ ለልጁ የሚነግረው እጅህን አታንሣ ብቻ ነበር። ባዶ እጅ ግን አታንሣ ስለተባለ አይቀመጥም። ሥራ ሊሰጠው ይገባል፤ ቀኝ እጅ አፍንጫና አፍን ይይዛል፣ ግራ እጅ በላዩ ተሻግሮ ሰደርያውን ቁልቁል ይጨመድዳል። አንዱ እጅ ሌላውን ይቆልፈዋል።

አሁን እሑድ ጠዋት ነው። ዒጋል አንድ ሰደርያ ከዕቃ ቤት አውጥቷል፤ ነገ ይህ ሲታወቅ ሥራው እንደማይቆየው ያውቃል። የቱሪያ ገንዳ ውስጥ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ፣ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አየነው ዘጠኝ ጊዜ ዘሏል። ቀኝ እጁ ከሰባተኛው ጀምሮ አፍንጫውን አልለቀቀም። ግራው ግን እግሩ ከጠርዙ ሲነሣ አሁንም አንድ ስንዝር ያህል ይሸሻል፤ ዒጋል በውሃው ውስጥ ሆኖ ያቺን ስንዝር ይለካል። ልጁ እየተንጠባጠበ እንደገና ጠርዙ ላይ ወጥቷል።

«አፍንጫህን» ይለዋል ዒጋል።

አየነው ይይዛል።

«ግራህን አሻግር። ጨምድድ። እስክነግርህ አትዝለል።»

ዒጋል ዓይኑን ከግራ እጁ ላይ ሳያነሣ መቁጠር ይጀምራል።