ልብስ ሰፊው ጫካ የገባ ዕለት

ልብስ ሰፊው በአሥራ ስድስት ዓመቱ እንጨት ሊለቅም ሄዶ ጫካ ውስጥ ጠፋ። ሲሮጥ ውሎ አመሻሹ ላይ ያገኘው የራሱን ዱካ ነበር። ከሰል አክሳዮች ባይደርሱለት በውኃ ጥም አልቆለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛፍ የበዛበት ቦታ ዝር ሳይል፣ ከስፌት መኪናው ጋር ተቀምጦ አረጀ።

በስተርጅና የሚስቱ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ እየባሰ እንደሚሄድ ሲነግራት፣ "እንግዲያስ ሳይጨልምብኝ የጫካ ወፎችን ልይ፤ ከአንተ ጋር" አለችው ባሏን። ከከተማው ዳር የእንስሳት ማሳያ አዳራሽና በጫካ የሚያልፍ የእግር መንገድ ያለው የተፈጥሮ ማዕከል አለ። እምቢ ማለት አቃተው።

አዳራሹ ውስጥ ጀግና ነበር። በገለባ የተሞላውን ነብር ጎንበስ ብሎ መረመረና፣ "ስፌቱን እዪው! ይህን የሰፋ ሰው እኔ ሱቅ አንድ ቀን አያድርም" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ነብሩ ሱሪ አላዘዘህ! ና እንውጣ።"

ከዛፎቹ ፊት ሲደርሱ ግን ላብ አጠመቀው።

"አንቺ ሂጂ፤ እዚህ እጠብቅሻለሁ።"

"ማን መርቶኝ?"

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለካ ከቤት ሲወጣ ኪሱን በቀይ የጨርቅ ቁራጭ ሞልቶ ኖሯል። አንዱን መግቢያው ላይ ካለው ቅርንጫፍ አሰረ፤ በየመታጠፊያውም እንዲሁ እያሰረ ገባ። እሷ ቀና ብላ ወፍ ትፈልጋለች፤ እሱ ወደኋላ ዞሮ ጨርቁን ያያል።

"ያቺ ሰማያዊዋ የት አረፈች?" አለችው።

አላያትም።

"ዓይን ያለህ አንተ፤ የምታየው ጨርቅ!"

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ቀና አለ። "ያቻት፣ ከወፍራሙ ግንድ በስተቀኝ። ጭራዋን ትነቀንቃለች። አሁን ሌላ መጣባት፤ ተጣሉ!" ሚስቱ ክንዱን ይዛ ትስቃለች። ጨርቅ ማሰሩን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ድንገት ከፊቱ ቀይ ጨርቅ አየ። የራሱ ነው። "ጠፋን!" ብሎ ጮኸ።

"ኧረ መንገዱ ክብ ነው! በሩ እኮ ይኸው" አለች ሚስቱ።

ጥበቃው ብቅ አለ። "አባቴ፣ ዛፎቹን ልብስ ሊያለብሷቸው ነው? በሉ ይፍቱልን።"

ጨርቁን ሊፈቱ እንደገና ዞሩ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ረዘመ፤ ብዙ ወፍ ነበር።

ማታ ልጃቸው፣ "አባዬ፣ ጫካውን እንዴት ደፈርከው?" ስትል ጠየቀችው።

"ከዚያ ጫካ በሕይወት መውጣቴን ትልቅ ነገር አድርጌ ኖርኩ" አላት። "እናትሽ 'ያቺ ወፍ የታለች?' ስትለኝ፣ 'ያቻት' ማለት መቻሌ ግን በለጠብኝ።"