አየሩ ቀልሏል

ቫርኒሽ ቀቢዋን ጣቶቿ ከድተዋታል። ድሮ የተላገ እንጨት ላይ መዳፏን አሳርፋ «ይኼ ዛሬ አይቀባም» ካለች አይቀባም ነበር። እርጥበት በበዛበት ቀን የተቀባ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ለብሶ እንደሚቀር ከአባቷ የተማረችው በጥፊ ጭምር ነው። ካለፈው ዓመት ሕመም በኋላ ግን ጣቶቿ ደነዘዙ፤ እንጨቱም ጨርቁም አንድ ሆነባት። ወርክሾፑን አብሯት የወረሰው ታናሽ ወንድሟ፣ አናጺው፣ «እታለም፣ በቃሽ፤ ቤት ተቀመጪ» ማለት ጀመረ።

«ቤት ምን አለና? ግድግዳ ልጠብቅ?» አለችና ሄዳ የአየር መለኪያ ገዛች፤ የእርጥበቱንና የአየር ግፊቱን ቁጥር የሚያሳይ፣ ከምሳ ዕቃ የማይበልጥ ነገር።

አጀማመሩ ውርደት ነበር። የሰቀለችው ከሻይ ማንቆርቆሪያው በላይ ነበርና ውሃ በፈላ ቁጥር እርጥበቱ ዘጠና በመቶ ይገባል። በዚህ ሰበብ ግማሽ ቀን ሥራ አስቆመች። ነገሩ ሲታወቅ አናጺው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ «ሜትሮሎጂ» ሆነ። እሷ ግን መለኪያውን ደጅ አውጥታ፣ ፀሐይ የማይደርስበት የበረንዳው ጥላ ሥር ሰቀለችው። ስሙንም ወደደችው።

ባለ ሁለት ተከፋቹ ትልቅ በር ተልጎ ባለቀበት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መለኪያውን አየች፤ እርጥበቱ ሰማንያን አልፏል፣ ግፊቱም ከትናንት ጀምሮ እየወረደ ነው።

«አይቀባም» አለች። «አየሩ ቀልሏል።»

«ቀልሏል? ሊዘንብ ሲል አየሩ ከበደ ነው የሚባለው! ውሃ የተሸከመ ነገር እንዴት ብሎ ይቀላል?»

«የሚከብደው አንተ ላይ ነው። እሱ ራሱ ግን ግፊቱ ሲወርድ ይቀላል።»

«ሜትሮሎጂ፣ ፀሐይዋ አትታይሽም?»

«ትታየኛለች።»

«እንግዲያው እኔው እቀባዋለሁ፤ አንቺም በዚሁ ጡረታ ትወጫለሽ» ብሎ ወደ ቫርኒሹ ጣሳ ሲያመራ፣ ቀድማው ክዳኑ ላይ ቁጭ አለች። ብሩሹንም ጉያዋ ከተተችው። ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ንቅንቅ አላለችም።

ደመናው መጣ። ጠቆረ፤ አጉረመረመ፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ከጣሪያዎቹ በላይ አልፎ ሄደ።

«የታለ ዝናብሽ?» አለ አናጺው፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

«ሌላ ሰፈር ሄዷል። በዝናቡ ተሳስቻለሁ» አለች ከጣሳው ሳትነሣ። «አንተ ሳታይ ከምትሳሳት እኔ አይቼ ልሳሳት።»

«ግትር!»

«የአባትህ ልጅ ነኛ።»

ከምሳ በኋላ ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ቁጥሩ ሃምሳ አምስት ሲል ብድግ አለች። ብሩሹ እንዳይሾልክባት መዳፏ ላይ በጨርቅ አሰረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። ወንድሟ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በክርኗ ገፋችው። ዳብሳ ማወቅ ስለማትችል በጎን እየተጎነበሰች፣ ብርሃኑ እንጨቱ ላይ እንዴት እንደሚተኛ እያየች ቀባች። በእጅ ይታወቅ የነበረ ነገር በዓይን ሲፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። ድሮ አንዴ የምትሄድበትን መስመር አሁን ሁለቴ ሄደችበት። አልቸኮለችም።

ማምሻውን አናጺው በሩን ከላይ እስከ ታች መረመረው። ነጭ ጉም ፈለገ፤ አጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመስኮቶቹን ፍሬሞች... ለነገ ላዘጋጅልሽ? ምን ይላል ያ ዕቃሽ?»

«ነገ ጠዋት ይታያል» አለች። «አሁን ግን እጅህን ከበሩ ላይ አንሣ፤ ገና አልደረቀም።»